ያልመጡትን የጫነች አውቶቡስ

ቅጽል ስም የሚያወጣ ሰው ምሕረት የለውም። መናኸሪያ ውስጥ ደግሞ አውቶቡስ እስኪሞላ ድረስ ስም ከማውጣት ሌላ ምን ሥራ አለ? የስምሪት ኃላፊውን «ሰዓቱ» ብለውታል፤ ቀኑን ሙሉ የእጅ ሰዓቱን እያየ ሾፌር ላይ ሲጮህ ይውላልና። ትኬት ቆርጣ፣ ተሳፍራ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሞተር ሲነሳ ግን ብድግ ብላ የምትወርድ አንዲት ጽዱ ሴትዮ ነበረች፤ እሷን «ተመላሿ» አሏት። የእኛዋን ሴት ደግሞ «እትዬ ፍሬን» አሏት። በዚያ መናኸሪያ መሪ የጨበጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት እኮ! ትኬት ቆራጭ ሆና ገብታ፣ ሾፌሮቹ ምሳ ሲበሉ አሮጌ አውቶቡስ ግቢው ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ እያደረገች የተማረች፣ መንጃ ፈቃዷን በላቧ ያገኘች። ይህ ሁሉ ቀርቶ ፍሬን! ለምን ቢባል፣ መንገድ ላይ ትቆማለቻ።

ከትንሿ ከተማ ተነስቶ ሆስፒታሉ ያለበት ትልቁ ከተማ ድረስ የሚሄደውን መንገድ ሌላው ሾፌር ሁለቴ ቆሞ ይጨርሰዋል። እሷ ነዳጅ ማደያው ጋ ትቆማለች፤ «ጎማ ልይ» ትላለች። ወፍጮ ቤቱ ጋ ትቆማለች፤ «ሞተሩ ሞቀ» ትላለች። እንጨት መሸጫው ጋ ስትደርስ ሰበብ ስለሚያልቅባት ምንም ሳትል ዱብ ትላለች። ጎማው ደህና ነው፣ ሞተሩም ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ሆዷ ነበር።

ማፈር የሚፈልግ እዚህ ላይ ይፈር፤ እኔ ግልጹን ልናገር። ተቅማጥ ነበር። ደም የሌለው፣ ውሃ የመሰለ፣ በቀን ብዙ ጊዜ የሚመጣ፣ ሌሊትም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ። መጣሁ ካለ መጣ ነው፤ ቆይ ቢሉት አይሰማም። እንዲህ ሆና ዓመታት ነዳች። የማደያው ሽንት ቤት በሩ እንደማይዘጋና በእግር መደገፍ እንዳለበት፣ የወፍጮ ቤቱ ቁልፍ ከሚዛኑ ሥር እንደሚቀመጥ፣ የእንጨት ነጋዴው ውሻ ይጮኻል እንጂ እንደማይናከስ፣ ይህን ሁሉ ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሾፌር አልነበረም፤ የሚያስፈልገውም አልነበረም። መሪ እስክትለቅ ድረስ እህል የሚባል በአፏ አይዞርም። ቀሚሷ እየሰፋ ሲሄድ የሰፈር ሰው «ቀጠንሽ፣ አማረብሽ፣ ምን ተጠቅመሽ ነው?» ይላታል። እሷም በሆዷ «የተጠቀምኩትን ለጠላቴም አይስጠው» ትላለች።

ጉዷን የሚያውቀው ባለቤቷ ብቻ ነበር። ጫማ ሰፊ ነው፤ በተለይ በሕፃናት ጫማ እጁ የተባረከ። እሷ ከትኬት መስኮቱ ወጥታ መሪ ላይ የተቀመጠች ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከኋላዋ ተሳፍሮ ደርሶ መልስ ሄዷል። የሚሄድበት ጉዳይ ኖሮት አይደለም። ሲመለሱ «አንቺ ስትነጂ እንቅልፍ ይወስዳል» አላት፤ ከዚያ ወዲህ ከዚህ የበለጠ የሚያስደስት ነገር የነገራት ሰው የለም።

ሐኪም ቤት አልሄደችም እንዳትሉ። ሄዳለች፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ካሜራ አስገብተው አዩዋት። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አንጀትዎ እንደ ሕፃን አንጀት ንጹሕ ነው» አሏት።

«ንጹሕ ከሆነ ታዲያ ምን ያስሮጠኛል?»

«ሐሳብ ነው። ጭንቀት ይቀንሱ።»

ጭንቀት! ስልሳ ሰው ከኋላ ጭኖ ሽንት ቤት ፍለጋ የሚባዝን ሰው ባይጨነቅ ነበር የሚገርመው። ግን ምን ትበል? ሐኪም ንጹሕ ነሽ ካለ ንጹሕ ነሽ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ተመለሰች።

ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም። መንገደኛ አቤቱታ አበዛ። ሰዓቱ አንድ ቀን ቢሮው ጠራትና እንደ ልማዱ የእጅ ሰዓቱን እያየ ተናገረ፤ «ስሚኝ፣ አብረን አርጅተናል፣ እንዳልጎዳሽ ብዬ ታግሻለሁ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሰዓትሽን ካላከበርሽ ወደ ትኬት መስኮት ትመለሻለሽ።»

መስኮቱን ታውቀዋለች። ወጣትነቷን የጨረሰችበት ነው። ከዚያች ጠባብ ቀዳዳ አጎንብሳ ሌላው ሲሄድ ስታይ የኖረችበት ነው። «እሱ ላይ ከምመለስ» አለች ለባለቤቷ ማታ፣ «አንድ ነገሬን ይቁረጡኝ።»

አፏ የተናገረው ደረሰላት። ትልቁ ከተማ ሆስፒታል አንዲት ወጣት ሐኪም ተመድባ መጥታ ነበር። እትዬ ፍሬን ለሦስተኛ ጊዜ ዓይኗን በጨው አጥባ ሄደች። ሐኪሟም ካሜራውን አስገባች፤ ንጹሕ ሆኖ አገኘችው። ግን ንጹሕ ነው ብላ አላሰናበተቻትም። ከዚሁ ንጹሕ ከተባለው አንጀት ከየቦታው ቅንጥብጣቢ ናሙና ወስዳ ወደ ላቦራቶሪ ሰደደች። ውጤቱ ሲመጣ አስጠራቻት።

«እናቴ፣ ሕመምዎ ስም አለው» አለቻት። «ማይክሮስኮፒክ ኮላይተስ ይባላል። ትልቁ አንጀት ይቆጣል፤ ቁጣው ግን በዓይንም በካሜራም አይታይም፣ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ካልታየ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ኑሮ ግን ያሳጣል።»

እትዬ ፍሬን «ኑሮ ያሳጣል» የሚለውን ስትሰማ እንባዋ ዝርግፍ አለ። ስለ በሽታው አይደለም። ይህን ሁሉ ዘመን ሰበበኛ፣ ሰነፍ፣ ሐሳብ ያበዛች ስትባል ኖራ አንድ ሰው እውነት ነው ስላላት ነው።

ሐኪሟ፣ እትዬ ፍሬን ለጉልበቷ ሕመም ትውጠው የነበረውን ማስታገሻ «ይህም ሊያባብሰው ይችላል» ብላ አስቆመቻትና ሌላ እንክብል ሰጠቻት። ጉድ ነው እንግዲህ! ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሆዷ ጸጥ አለ። አንድ ጠዋት ባለቤቷ ፊት ተቀምጣ ዳቦ በሻይ በላች፤ ከሥራ በፊት ነው የምላችሁ! እሱ ጉንጩን በመዳፉ ይዞ አያት። ያን ቀን ማደያውን አለፈችው፣ ወፍጮ ቤቱን አለፈችው፣ እንጨት መሸጫውን አለፈችው። ተመልሳ ስትገባ ሰዓቱ የእጅ ሰዓቱን አየ፣ ጆሮው ጋ አስጠግቶ አዳመጠው፤ የቆመ መስሎት።

ደስታዋ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ሐኪሟ እንክብሉን ያመጣችው ከሩቅ፣ በልመናና በትውውቅ፣ ጥቂት ብቻ ነበር። ሆስፒታሉ እንዲገዛ ስትጠይቅ የመድኃኒት ግዢ ኮሚቴው አፍ አፏን አላት። «ይህ በሽታ እኛ ጋ የለም። በአውራጃው በሙሉ የተመዘገበውን ሕመምተኛ ሰብስበሽ ብታመጪ አንድ ሚኒባስ አይሞላም። ለሚኒባስ ሰው መድኃኒት አናከማችም። ብዙ ነው ካልሽ በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ አሳይን።»

ሐኪሟም አልተኛችም። ባለፉት ዓመታት በተቅማጥ መጥተው፣ በካሜራ ታይተው፣ «ንጹሕ ነዎት» ተብለው የተመለሱትን ሰዎች ሁሉ በስልክ ጠራች፤ ናሙና እንውሰድ፣ ይምጡ አለች። ሁሉም «እሺ እመጣለሁ» አሉ። የመጣው ግን እፍኝ አይሞላም።

እትዬ ፍሬን የመጨረሻውን እንክብል ልትወስድ የሄደች ቀን ሐኪሟ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ተቀምጣ አገኘቻት። «ከመጡት ብዙዎቹ አለባቸው» አለች። «ያልመጡት ግን ያልመጡት ተሽሏቸው ይሆናል። ኮሚቴውም እውነቱን ይሆናል፤ በሽታው እዚህ ብርቅ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። የመጡት ሁሉ የዚሁ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ከዳር አንድም ሰው አልመጣም። ለምን እንደሆነ አይገባኝም።»

እትዬ ፍሬንም አልገባትም። «ሰው ለራሱ ጤና ይሰንፋል?» ብላ ተናዳ ወጣች። እንክብሉ ሲያልቅ የኮሚቴው ስብሰባ ገና ወራት ይቀሩት ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሆዷ እንደ ድሮው ሆነ። ማደያ፣ ወፍጮ ቤት፣ እንጨት መሸጫ። ሰዓቱም እንደ ድሮው ሰዓቱን ማየት ጀመረ።

በዚህ መካከል አንድ ጠዋት አውቶቡሷ ሞልታ ልትነሳ ስትል ሞተሩን አስነሳች። ከፊት ወንበር ላይ ተመላሿ ነበረች። እንደ ልማዷ ብድግ አለች፣ ቦርሳዋን ጨብጣ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ወረደች። ረዳቱ ሳቀ፤ መንገደኛውም ሳቀ። እትዬ ፍሬን ግን ለመሳቅ ጊዜ አልነበራትም፣ ሆዷ መጣሁ ብሏት ነበርና። ሞተሩን አጥፍታ፣ «መጣሁ!» ብላ ወደ መናኸሪያው ሽንት ቤት ተፈተለከች። ሰዓቱ ከኋላዋ «ሰዓት! ሰዓት!» እያለ ይጮኻል።

የሴቶቹ በር አንድ ብቻ ነው። እሷ ከዚህ ስትደርስ ተመላሿ ከዚያ ደረሰች። ሁለቱም እጀታውን ያዙ።

«ይቅደሙ» አለች ተመላሿ፣ እንደ ጨዋ ሰው።

«የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ በፈጣሪ፣ ሾፌር ነዎት፣ ሰው ይጠብቅዎታል፣ ይቅደሙ።»

«እርስዎ ነዎት የደረሱት…»

ከዚያ ቀና ብለው ተያዩ። የአንዷ ፊት የሌላዋ ነበር፤ ያው ላብ፣ ያው የተነከሰ ከንፈር፣ ያው «ደቂቃ አልቆይም» የሚል ዓይን። እትዬ ፍሬን እጀታውን ለቀቀችና «ወንዶች» የሚለውን በር በርግዳ ገባች። «ማንም እንዳይመጣ! ሴት አለች!» የሚለው ድምጿ ጎማ ጠጋኙ ድረስ ተሰማ።

ሲወጡ ቧንቧው ላይ ተገናኙ። እጃቸውን እየታጠቡ አንዳቸውም ቀና አላሉም።

«ስንት ዘመንሽ ነው?» አለች እትዬ ፍሬን። አንቱታው ከበሩ ኋላ ቀርቷል።

«ልጄ ሳታገባ ነው የጀመረኝ» አለች ተመላሿ። «ትልቁ ከተማ አገባች። ሠርጓ ላይ አልተገኘሁም። ይህን ያህል መንገድ አውቶቡስ ላይ እንዴት ልቀመጥ? ታምሜ ነው ብል ምኑን ታመምሽ ልትለኝ ነው። ሥራ ያዘኝ አልኳት። ባሏን ንቃ ነው ብላ ተቀየመችኝ፤ እኔ ዘንድ መምጣቷንም ተወች። ወንድ ልጅ ወልዳለች። ይኸው ትምህርት ቤት ገባ አሉ፤ ዓይኑን አላየሁትም።» ቦርሳዋን ከፈት አድርጋ አሳየቻት። ውስጡ ጥንድ የሕፃን ጫማ ነበር፣ ቡናማ፣ ማሰሪያው ሳይፈታ። «ዛሬስ እችላለሁ እያልኩ እሳፈራለሁ። ሞተሩ ሲነሳ ግን ከዚህ በኋላ በር አይከፈትልኝም እላለሁ፤ ያን ጊዜ ሆዴ ይነሳል።»

«ሐኪም ቤትስ?»

«ድሮ፣ ሳይብስብኝ፣ እንደ ምንም ብዬ ለብቻዬ ሄጄ ነበር፤ ንጹሕ ነሽ አሉኝ። አሁን ደግሞ አንዲት ሐኪም ደወለችልኝ፤ ናሙና እንወስዳለን፣ ይምጡ አለችኝ። እሺ እመጣለሁ አልኳት። በምን ልሂድ? ያንቺ አውቶቡስ ትቆማለች ሲሉ እሰማለሁ፤ ግን ሰው ፊት ‹የት የት ትቆሚያለሽ› ተብሎ ይጠየቃል?»

እትዬ ፍሬን ቧንቧውን መዝጋት ረሳች። ያልመጡት አልዳኑማ! ያልመጡት መምጣት ያቃታቸው ናቸው! እግር ያለው የትልቁ ከተማ ሰው በእግሩ ሆስፒታል ደረሰ፤ የዳሩ ሰው አውቶቡስ መሳፈር አልቻለም። አውቶቡስ መሳፈር የማያስችለው ደግሞ ያው የሚፈለገው በሽታ ነው።

ማታ ለባለቤቷ ስለ ጫማው ስትነግረው መርፌውን አስቀመጠ። «ቡናማ ነው? ማሰሪያው ሁለት ዙር? እሷ ናት! በየዓመቱ ታመጣና ‹አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ቀይርልኝ› ትለኛለች። ልጁን አምጪውና ልለካው ስላት ጫማውን ይዛ ትወጣለች። እግሩን ሳታይ ነው ለካ በግምት የምታሳድገው!» ሁለቱም ያን ማታ እራት አልበሉም። በማግስቱ እትዬ ፍሬን ውሳኔዋን ይዛ ተነሳች። መሪዋንም ከእጇ አታስወጣም፣ ያቺንም ሴት ልጇ ዘንድ ታደርሳለች፤ ሁለቱም የሚገኙት በአንድ መንገድ ነው፤ ያልመጡትን ሐኪሟ ዘንድ በማድረስ።

ሐኪሟ ስትሰማ ብዕሯን ጣለች። «የከነከነኝ ይሄ ነበር» አለች። «ያልመጡትን ድነዋል ብዬ ልጽፋቸው ነበር እኮ! ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት ይሄንን ነው።» ወዲያው ግን ፊቷ ጨለመ። «የታማሚ ስም አሳልፌ ልሰጥዎት አልችልም፣ እናቴ።»

«ማን ስም ጠየቀሽ፣ ልጄ? እኔ መቀመጫ ላይ ሰው እንጂ ስም አልፈልግም። አንቺ ደውዪና ‹ሽንት ቤት ባለበት ሁሉ የምትቆም አውቶቡስ አለች› በያቸው። የቀረውን ለኔ ተዪው።»

የቀረው ሰዓቱ ነበር። ሻይ ቤቱ ውስጥ ከሾፌሮቹ ጋር ተቀምጦ አገኘችው። ብቻውን እስኪሆን ልጠብቅ አላለችም። ብቻውን ከሆነ እምቢ ማለት ይቀለዋል።

«አውቶቡስ እፈልጋለሁ» አለችው። «በእረፍት ቀን፣ አሮጌዋን። ነዳጁ ከትኬቱ ይሸፈናል። በየማደያው፣ በየወፍጮ ቤቱ የምትቆም።»

«አውቶቡስ የሚቆመው ፌርማታ ላይ ነው» አለ ሰዓቱ፣ ሳያያት።

«ሰዎቹ ፌርማታ እስኪደርሱ የማይችሉ ቢሆኑስ?»

«ምን የማይችሉ?»

አሁን ነው እንግዲህ። ፊቷ ነደደ፤ ጥርሷን ነከሰች፤ ተናገረችው። «ተቅማጥ አለብኝ። ዓመታት ሆነኝ። ጎማ ልይ የምለው እሱን ነው። ሞተሩ ሞቀ የምለው እሱን ነው። ስም ያለው በሽታ ነው፣ መድኃኒትም አለው፤ የሚገዛው ግን ብዙ ሰው እንዳለበት ሲታወቅ ነው። ሰዎቹ ደግሞ አሉ፤ መሳፈር አቅቷቸው ቤታቸው ተቀምጠዋል።»

ከጥግ አንዱ ቀልደኛ ሾፌር ራሱን መግታት አቃተው፤ «አይነጋ መስሏት…» ብሎ ጀመረ፣ የቀረውን በሳቅ ሊውጠው።

«ጨርሰዋ!» አለችው ዞር ብላ። «ተረቱን ጨርስ እንጂ! ነጋ እኮ፣ ወንድሜ። ነግቶ ነው የምናገረው።»

ሰውየው ብርጭቆውን ያይ ጀመር። ጎማ ጠጋኙ ከበሩ ጋ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ» አለ፣ «ከቤት ከወጣች ሰንብታለች። ሰው ሲጠራት ጉልበቴን ትላለች። እኛ እርጅና ነው እያልን… ሽንት ቤቱን ግን ቀኑን ሙሉ እሷ ናት የያዘችው።» ሌላውም አክስቱን አነሳ። አንዱ የሚስቱን ጉዳይ ጀምሮ አቋረጠው። ከዚያች ሻይ ቤት ውስጥ ብቻ ሚኒባስ ባይሞላም ግማሹ ይሞላ ነበር።

ሰዓቱ ሰዓቱን አላየም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለ ቀስ ብሎ፣ ለማን እንደተናገረው ሳይታወቅ። ከኪሱ ቁልፍ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «አሮጌዋ ማርሿ ሁለተኛው ላይ ይነክሳል፤ ታውቂያታለሽ» አላት።

በእረፍቱ ቀን ጠዋት አውቶቡሷን መናኸሪያው መሃል አቆመች። ማንም የለም። ጊዜው ሄደ፤ ማንም የለም። እትዬ ፍሬን መሪውን ጨብጣ «ዓይናችሁን ያሳየኝ! ኑ እንጂ!» ትላለች ለባዶው ግቢ። ለካስ መጥተው ኖሯል። አንዷ ከኪዮስኩ ጀርባ፣ አንዷ ከቆመው የጭነት መኪና ጎን፣ አንዱ ሽማግሌ ጋዜጣ ገልብጦ ይዞ፣ ሁሉም ሌላ ነገር የሚጠብቅ መስሎ ቆሟል። አንዷ ስትሳፈር ሌላዋ ተከተለች። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው። ማንም ማንንም አያይም። መጨረሻ ላይ ሰዓቱ መጣ፤ ታላቅ እህቱን ክንዷን ደግፎ። «አትዪኝ» አላት እትዬ ፍሬንን። እሷም አላየችውም።

ሞተሩን አስነሳች። ከፊት ወንበር ተመላሿ ብድግ አለች።

እትዬ ፍሬን ሞተሩን አጠፋች። ወደኋላ ዞረች። «ስሙኝማ» አለች። «እኔም አለብኝ። እኔ ሾፌሯ! መጀመሪያ የምቆመው ለራሴ ነው። ከዚያ ለእናንተ። በሩን የምዘጋው ለነፋስ እንጂ ለእናንተ አይደለም፤ የመጣበት ሰው ‹አቁሚ› ይበል፣ ምክንያት አልጠይቅም። ሰዓት የሚያይ ሰው ደግሞ ዛሬ ከኛ ጋር አልተሳፈረም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ተመላሿ ለጥቂት ጊዜ እንደቆመች ቆየች፤ ከዚያ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ።

ማደያው ጋ ስትቆም ማንም አልወረደም። ኀፍረት ክፉ ነው፤ እየተቃጠሉም አይነሱም። «እንግዲያ እኔ ወረድኩ» ብላ ሄደች። ስትመለስ ከበሩ ፊት ሰልፍ አገኘች። «በሩን በእግር ደግፉት!» ብላ ጮኸችላቸው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሰልፉ መጫወት ጀምሯል። እንጨት መሸጫው ጋ ውሻው ሲጮህ የሰዓቱ እህት «ዝም በል አንተ፣ እኔ ከአንተ ይበልጥ ቸኩያለሁ!» ስትለው አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ለዓመታት ከቤት ያልወጡ ሰዎች እንዲህ ሲስቁ አንጀት ይበላሉ። ሆስፒታሉ የደረሱት ረፍዶ ነው፤ ግን ሁሉም ደረሱ። ሐኪሟ በር ላይ ቆማ ነበር። አፏን በእጇ ያዘች።

ከዚያ በኋላም አሮጌዋ በየእረፍቱ ቀን ከተለያየ ዳር ሰው ጭና ተመላለሰች። ሁሉም አልነበረባቸውም፤ አንዳንዱ ሌላ ሕመም ተገኘበት፣ አንዳንዱም ምንም። ብዙዎቹ ግን ነበረባቸው። በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ሐኪሟ ቁጥሩን ስታቀርብ የኮሚቴው ሰብሳቢ ግንባሩን ቋጠረ። «በሽታው በአንድ ዓመት እንዲህ ጨመረ ነው የምትይን?»

«አልጨመረም» አለች ሐኪሟ። «ድሮም እነሱ ጋ ነበረ። እኛ ጋ ነው ያልነበረው።»

መድኃኒቱ ተገዛ። እትዬ ፍሬን ዳቦዋን በጠዋት መብላት ጀመረች። ትኬት መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ተቀጠረ። ሰዓቱም ስለዚያ ነገር ሁለተኛ አላነሳም፤ ለእህቱ እንክብል የምታመጣለት ግን ራሷ እትዬ ፍሬን ነበረች።

አንድ ጠዋት መደበኛው አውቶቡስ ሞላ። ከፊት ወንበር ተመላሿ ተሳፍራለች። መናኸሪያው የለመደው ነውና ሾፌሮቹም፣ ረዳቶቹም፣ ጎማ ጠጋኙም ሥራ ትተው ቆሙ። ሞተሩ ተነሳ። ቦርሳዋን አስተካከለች፤ አልተነሳችም። አውቶቡሷ ከግቢው ስትወጣ ያ ቀልደኛ ሾፌር ኮፍያውን አወለቀ።

ማደያው ሲቃረብ የእትዬ ፍሬን እግር በልማድ ወደ ፍሬኑ ሄደ።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አለች ተመላሿ ከኋላዋ። «ልጄ መናኸሪያ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው! ሁሉን በስልክ ነግሬያታለሁ። ንጂው እንጂ!»

ነዳችው።

ትልቁ ከተማ መናኸሪያ ልጅቷ ከአንድ ቀጭን ወንድ ልጅ ጋር ቆማለች። እናትና ልጅ መጀመሪያ ሩቅ ለሩቅ ቆመው ተያዩ። ከዚያ ልጅቷ «አንድ ቃል ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ፣ እማዬ» አለች፤ የቀረውን እናቷ ትከሻ ላይ ነው የጨረሰችው። ልጁን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አስቀመጡት። አያቱ ተንበርክካ ቡናማውን ጫማ አወጣች፣ ማሰሪያውን ፈታች፣ እግሩን አስገባች። ተረከዙ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ገፋችው፤ እምቢ አለ።

«በአንድ ቁጥር ተሳሳትኩ» አለች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

እትዬ ፍሬን ከመሪው ወረደች። ከሾፌር ወንበሩ ሥር ካለው መሣሪያ ሣጥን ሲባጎ አወጣችና ሰጠቻት። «ባለቤቴ ይቀይርልሻል» አለቻት። «ዛሬ ግን በግምት አይሆንም። እግሩ ይኸውልሽ፣ ለኪው።»

አያትየዋ የልጁን ተረከዝ በመዳፏ ይዛ ለካች። አንዴ ለካች፣ አልበቃትም፤ ደግማ ለካች። ከኋላ የቆመው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ። እትዬ ፍሬን ሳትዞር በእጇ ቆይ አለችው።